በውዱእ ውሃ የበቀሉ ችግኞች

ወንድሜ ለሰላት የሚታጠበውን አንድ ውዱእ አድርጎ እስኪጨርስ እኔ ልብስ አጥቤ አሰጣለሁ። ያጋነንኩ ከመሰላችሁ እናታችንን ጠይቁ። በር ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ምግብ ቤት ከገባን አስተናጋጁን ስለ ዘይቱ፣ ስለ ድስቱ፣ ስለ ቢላዋው ሳይቀር ይጠይቃል፤ እሱ ጠይቆ እስኪጨርስ እኔ በረሃብ ተናድጄ አልቃለሁ። ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል። በዚያን ጊዜ እሱ ሲቪል ምህንድስና፣ እኔ ደግሞ ባዮሎጂ እናጠና ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆንን ዶርም አልተሰጠንም፤ ካራ አካባቢ ካለው ቤታችን እየተመላለስን ነበር የምንማረው።

ሰፈራችን ያለው መስጊድ ተዳፋት ላይ ነው። ከጀርባው ባሕር ዛፍ ይጀምርና ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ይወጣል፤ ከፊቱ ደግሞ ቤቶች ተደራርበው እስከ አስፋልቱ ይወርዳሉ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ይመጣ ስለነበር አንዲት የመርካቶ ነጋዴ ለሟች እናታቸው ብለው መስጊዱ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር። ስለዚህ ሰፈሩ በውሃ ጥም ሲቃጠል እንኳ የውዱእ ቦታው ውሃ አይቋረጥም። ችግሩ ውሃው ከሰው እጅና እግር ከወረደ በኋላ የሚሄድበት አለመኖሩ ነው። ከግንቡ ሥር በቀጭን ቦይ ይወጣና ከታች ባለው ባዶ መሬት አልፎ ጎረቤታችን አጥር ሥር ይተኛል። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጠንካራ ኦርቶዶክስ ናቸው። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው አጥራቸው ላይ ይቆሙና ለሚያልፈው ሁሉ፣ “እናንተ ትጸልያላችሁ፣ እኔ ጭቃ እገባለሁ” ይላሉ። እውነታቸውን ነበር።

ሐሳቡ የእኔ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በኋላ ማንም ስለማይናገረው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁሉም የሚወስደው የሥራ ፈጠራ ትምህርት ነበረን፤ አስተማሪው በቡድን ሆነን “አረንጓዴ ቢዝነስ” እንድናመጣ አዘዙን። ማኔጅመንት የምታጠና አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ ከግቢው ሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ ነው የተዋወቅነው። እሷ ወረቀቱን ትጽፋለች፣ እኔ አፈሩን እቆፍራለሁ ተባባልን። በባዶው መሬት ላይ ችግኝ ጣቢያ፤ ውሃው ከመስጊዱ፤ የሚፈሉት ወይራ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ኮሶ። በዚያን ዘመን ክረምት በመጣ ቁጥር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ችግኝ ተከላ ይወጣ ነበር፤ ገበያው ላይ ያለው ግን ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ብቻ ነው። የአገር ዛፍ የሚሸጥ ጠፍቶ ነበር።

መሬቱ የመስጊዱ ስለሆነ ኮሚቴው መፍቀድ ነበረበት። እኔ ስብሰባው ውስጥ ስለማልገባ ወንድሜን ላክሁት። ማታ ተመልሶ መጣና፣ ሰብሳቢው ሐጂ በጣም እንደወደዱት፣ “ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?” ብለው እንደጠየቁት፣ እሱም “የእህቴ ነው” ብሎ እንደመለሰ ነገረኝ።

“ምን አሉ?” አልኩት።

“ማሻአላህ አሉ። ከዚያ ሥራዬን እንዳሳምር መከሩኝ።”

‘ሥራህን’ ነው ያሉት፤ የእሱን። አንድ ሌላ ነገርም ተናግረዋል፤ ሴቶቹ በወንዶች የውዱእ ቦታ በኩል እንዳይመላለሱ። ይህ ተገቢ ነበር፤ እኔም በዚያ በኩል ማለፍ አልፈልግም። በታች በኩል የቆርቆሮ በር አበጀን።

ጨረስን ብዬ ነበር። አካፋ ተውሼ፣ የደን አፈር በጋሪ አስመጥቼ፣ አሸዋና የከብት እበት አዘጋጅቼ ስጠብቅ ወንድሜ መጣና እበቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አፈሩን ማየት ጀመረ። እንዲህ ሲቀመጥ አውቀዋለሁ። 

“ምንድነው?” አልኩት።

“ውሃው የእኛ አይደለም።”

“የማንም አይደለም። የሚፈስ ቆሻሻ ውሃ ነው።”

“ወቅፍ ነው። ሴትዮዋ ለአላህ ብለው የሰጡት ለሰጋጆች ውዱእ ነው። እኛ ልንነግድበት ነው። ኒያቸው ይህ ካልሆነስ?”

በጣም ያናደደኝ ጥያቄው ሞኝ አለመሆኑ ነው። ሞኝ ቢሆን ስቄ አካፋዬን አነሳ ነበር። ለአንድ ነገር የተሰጠን የአምልኮ ሀብት ለሌላ ጥቅም ማዋል ቀላል ነገር እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ያደግኩት እሱ ባደገበት ቤት ነው። ግን ውሃው እኮ እየፈሰሰ የሰው አጥር እያበሰበሰ ነው። ይህን አልኩት። ልክ ነሽ አለ። ልክ ነሽ ካለ በኋላም ከቁጢጡ አልተነሳም።

ስለዚህ መርካቶ ሄድን። ሴትዮዋ የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ በጣቃዎች መሃል ተቀምጠዋል፤ ገበያተኛ አስተናግደው እስኪጨርሱ ብዙ ቆምን። ወንድሜ ጉዳዩን ከሥር ጀምሮ ሲያስረዳ፣ ቦዩን፣ ግንቡን፣ የጎረቤታችንን አጥር ሁሉ ሲተርክ ሴትዮዋ ሜትራቸውን እንደያዙ አዩት።

“ከሰው እግር ወርዶ መሬት ከነካ በኋላ የት እንደሚሄድ እኔን ምን አገባኝ?” አሉ በመጨረሻ።

እኔ ለመሄድ ዞርኩ። ወንድሜ ግን፣ “እትዬ፣ ሲያስቆፍሩት ኒያዎ ለውዱእ ብቻ ነበር ወይስ ለማንኛውም መልካም ሥራ?” ብሎ ጠየቀ።

“ልጄ፣ ኒያዬ እናቴን አላህ እንዲምርልኝ ነበር። ዛፍ ከበቀለበት ይጨመርላት።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ እህቱ ነሽ?”

“አዎ።”

“አላህ ያበርታሽ” አሉኝ።

ከመርካቶ እስከ ካራ ድረስ በታክሲ ውስጥ አላናገርኩትም። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ነፃ የወጣ እስረኛ ይመስላል። በዚያው ሳምንት ከምናገኘው የተወሰነው ለመስጊዱ እንዲገባ ራሱ ለኮሚቴው ሄዶ ቃል ገባ፤ እኔን ሳይጠይቅ።

አንዴ ከጀመረ ግን እንደሱ የሚሠራ ሰው የለም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ሰጋጁ በሳሙና ስለሚታጠብ ውሃው አረፋ ይዞ ይመጣ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ቡቃያዎች አቃጠለብን። ወንድሜ በርሜሎች ደርድሮ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል አነባበረባቸውና ውሃው በቀስታ እየወረደ እንዲጣራ አደረገ። ውሃ ልክ ይዞ ቦዩን ሲያስተካክል ቅዳሜና እሑድ አለቀ፤ አንዷን ድንጋይ ስንቴ እንዳነሳት አላውቅም። የወይራ ፍሬ ደግሞ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ካልተሰነጠቀ አይበቅልም። እኔ በመዶሻ እየመታሁ ግማሹን ስፈጨው እሱ ፒንሳ ይዞ፣ አንድ አንዱን ጨምቆ፣ ውስጡን ሳይነካ “ቀጭ” ያደርገዋል። እኔ ካፈላኋቸው ይልቅ የእሱ በለጡ። ይህም ራሱ ያናድድ ነበር።

የጎረቤታችን አጥር ደረቀ። ስለ ጭቃው ማማረር ትተው ስለ እበቱ ሽታ ማማረር ጀመሩ።

በመጀመሪያው ክረምት ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣ። የጓደኛዬ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሸልሞ ስለነበር ወሬው ደርሶታል። ችግኞቻችንን አይቶ፣ “ተደራጅታችኋል?” አለ። አልተደራጀንም አልነው። ካልተደራጃችሁ የላችሁም አለን፤ በመደቦቹ መሃል ቆሞ ነው እንግዲህ። ጓደኛዬ ደስ ብሏት ሰው አሰባስባ፣ ስም አስገብታ፣ ማኅተም አስመትታ መጣች። ለስብሰባ ተጠራን፤ ስለ አረንጓዴ ልማትና ስለ ሞዴል ወጣቶች ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ቲሸርት ተሰጠን። ተናጋሪው “ሞዴል” ባለ ቁጥር ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ጠንከር ጠንከር ያሉትን ችግኞች ለተከላ ቀን አስረክቡ ተባልን።

በተከላው ቀን ወንድሜና እኔ ወደ ተራራው አብረን ወጣን። ሰዎቹ ለፎቶ ቆመው፣ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ አፈር በእግራቸው ገፋ አድርገው ያልፋሉ። ሥሩ ፕላስቲክ ውስጥ ታንቆ ይሞታል፤ ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። ለባለሙያው ነገርኩት። “እሺ፣ ለቀጣዩ ዓመት በአቅም ግንባታ እንይዘዋለን” አለኝ።  አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ ቀርተን እየነቀልን፣ ፕላስቲኩን እየቀደድን መልሰን ተከልን። እኔ እልህ ይዞኝ እሮጣለሁ። ወንድሜ ለእያንዳንዷ “ቢስሚላህ” እያለ፣ አፈሩን በጣቱ እየጠቀጠቀ፣ ቀና ማለቷን ከሩቅ እያየ ይተክላል። ዝናቡ መጣ። ከተራራው ስንወርድ ገና ያልደረስንባቸው ብዙ ነበሩ። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ሌላ ውድድር አዞረች፤ ቅር አላለኝም፤ እሷ ቢያንስ የጀመረችውን ትጨርስ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወይራዎቹ ክንድ አከሉ። በዚያ ሰሞን ጎረቤታችን ቤት የነፍስ አባታቸው መጡ፤ እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው መደቦቹን ሲያዩ ቆይተው በታችኛው በር ዞረው ገቡ። ጥዱን በጣታቸው ዳሰሱት። የቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ድሮ በወይራና በጥድ የተሞላ እንደነበር፣ የቀሩት ጥቂቶች እየደረቁ እንደሆነ፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ያለንን ወይራና ጥድ በሙሉ እንደሚፈልጉ፣ የሰበካ ጉባኤው እንደሚከፍል፣ ለቀጣዩ ዓመትም እንድናዘጋጅላቸው ተናገሩ። ሥራውን ከጀመርን ወዲህ የመጣ እውነተኛ ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። ዛፍ የሚተክሉት ሊያሳድጉት ነው።

እኔ አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ። “አባ፣ አስበን እንነግርዎታለን” አላቸው።

ቄሱ ከወጡ በኋላ ምን እንደምናስብ ጠየቅሁት።

“የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው” አለ።

“ዛፍ ነው የምንሸጥላቸው። ጧፍ አይደለም።”

“ማወቅ አለብኝ።”

ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮህኩ። ወይራው ወደየት ዞሮ እንደሚሰግድ ጠይቀኸዋል ወይ አልኩት። እናታችን ከቤት ወጥታ ሁለታችንንም ገሠጸችን፤ እኔን ለቃሌ፣ እሱን ለዝምታው። እሱ አልተቆጣም። እሱ ስለማይቆጣ እኔ ሁልጊዜ ጥፋተኛ መስዬ እታያለሁ፤ ከእሱ ጋር የመጣላት ዋናው ችግር ይህ ነበር።

ጀመዓው ውስጥ የሚያስተምሩትን ኡስታዝ ጠየቀ። ኡስታዙ፣ ለጥላና ለአፈር የሚተከል ዛፍ መሸጥ ምንም ችግር እንደሌለው ነገሩት። በቃ ይባላል እንጂ። አልተባለም። ልቡ እንዲያርፍ ብሎ ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ያ ሰውዬ ደግሞ መተው ይሻላል አለው። አሁን በሁለቱ መካከል ተቀመጠ። ሐምሌ እያለፈ ነው፤ ዝናቡ በየቀኑ እየወረደ ነው፤ ሥሮቹ ፕላስቲኩን በስተው መሬት መያዝ ጀምረዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት እያነሳሁ ሥር እቆርጣለሁ፤ እሱ ማታ ማታ ኪታብ ያገላብጣል። አንድ ቀን፣ ለምን በነፃ አንሰጣቸውም፣ ያን ጊዜ ንግድ አይሆንም ብሎ መጣ። የሁለት ዓመት ልፋቴን በነፃ። ተነስቼ ወጣሁ።

ቄሱ ራሳቸው ተመልሰው ሲመጡ ወንድሜ ትምህርት ላይ ነበር። አፍሬ ምን እንደምላቸው ሳስብ እሳቸውም እንዳፈሩ አየሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅር አይበልሽ” አሉ።

“ይጠይቁ አባ።”

“አንድ ሽማግሌ ምዕመን አሉን። ችግኙ የሚጠጣው እስላም እጁን እግሩን የታጠበበትን ውሃ ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። እንዴት ቤተ መቅደስ አጠገብ ይተከላል ብለው ጉባኤውን አስቸገሩ።”

መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ጭቃ መሆኑን ያወቅኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

“አባ፣ እርስዎም?” አልኳቸው። “እኔ ቤት አንድ አለኝ። እሱ ችግኙ ወደ እናንተ መሄዱ ጨንቆታል። እናንተ ደግሞ ከእኛ መምጣቱ ጨነቃችሁ። ችግኙን ማን ይተክለው?”

ቄሱ ሊስቁ ፈልገው ያዙት። ወንድሜ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ክፉ ነገር አልተናገሩም። እንዲያውም፣ “ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ልጅ ነው” አሉ፤ ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እጣላ ነበር። ከዚያ ሰማዩን አዩ፤ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።

“እንዲህ አድርጊ” አሉ። “ከዛሬ ጀምሮ ከመስጊዱ ውሃ አታጠጪያቸው። ክረምት ነው፤ ዝናብ ይምታቸው። ከሰማይ የወረደ ውሃ ከጠጡ በኋላ ሽማግሌው ምን ይላሉ? ዝናቡን የማን ነው ሊሉ አይችሉም።”

በክረምት ድሮም አላጠጣም ነበር። አልነገርኳቸውም። እሺ አልኩ።

ወንድሜን በተመለከተ ደግሞ፣ ቦታውን መጥቶ ይየው አሉ፤ ካየ በኋላ እምቢ ቢል እንደማይቀየሙ ነገሩኝ። ያንኑ ሳምንት ሦስታችን በየካ በኩል ባለው ጥርጊያ ወጣን፤ ቄሱ ከሰፈር የጫኑትን እህል በአህያ እየነዱ ነበር። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከላይ እየወረዱ ጎንበስ እንዳሉ ሰላምታ ይሰጡናል። ወንድሜ ከቄሱ ጋር ስለ ድንጋይ እያወራ ይሄዳል፤ ሁለቱ ያለ ምንም ችግር ተግባብተዋል፤ ከኋላ ሆኜ በጭቃው የምንሸራተተው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስንደርስ ወንድሜ ወደ ግቢው አልገባም፤ በውጭ በኩል ዞሮ ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ ሄደ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሣር የሚባል የለም፤ አፈሩ ተራቁቷል። ከዚያ በታች መሬቱ ተሰንጥቆ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆኗል፤ ቀይ ውሃ በውስጡ እየተንደረደረ ይወርዳል። ወንድሜ ወርዶ የቦረቦሩን አፍ በእርምጃ ለካ። ድንጋይ አንስቶ ጣለ። የግቢው አጥር የት ድረስ እንደሆነ፣ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚናድ ቄሱን ጠየቃቸው። ከዚያ ቆሞ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ እያየ በጣም ቆየ።

“ይሄ ጎርፍ የት እንደሚወርድ ታያለሽ?” አለኝ።

“የት?”

“እኛ ላይ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ላይ።” ወደ ቄሱ ዞረ። “አባ፣ ወይራውን አፋፉ ላይ አስጠግተን ነው የምንተክለው። ጥዱን ወደ ውስጥ። ከቦረቦሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ እኔ እቀይሰዋለሁ።”

ይኸው ነው። ሁለት አዋቂ ተጠይቆ፣ ኪታብ ተገላብጦ፣ እኔ ጨጓራዬ ተልጦ ያልተፈታው ነገር ቦረቦር ሲያይ ተፈታ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መሸጡ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለምን መጀመሪያውኑ መጥተህ አላየህም ልለው ነበር፤ ግን የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደርሷል አለ። ከጅረት ውዱእ አደረገ፤ እንደተለመደው ረጅም ነው። ጃኬቱን ባሕር ዛፎቹ መሃል አንጥፎ ቆመ። እኔም ከኋላው ሰገድኩ። ቄሱ አህያዋን ይዘው ፈንጠር ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ጠበቁን። ስንጨርስ ዶፉ ወረደ፤ እስከ ጥርጊያው መጨረሻ በስብሰን ገባን።

ችግኞቹን በአህያ አጓጓዝን። ጉባኤውን ያስቸገሩት ሽማግሌ በተከላው ቀን መጥተው እያንዳንዷን ፕላስቲክ ራሳቸው ቀደዱ፤ ስለ ውሃው ትንፍሽ አላሉም። ወንድሜ ቦዩን ቀየሰ፤ የሰበካው ወጣቶች ቆፈሩት። ከተከፈለን ላይ የመስጊዱን ድርሻ ሰጥተን የቀረውን ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና አፈር አዋልነው። ያን ሰሞን ብቻ፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ ተሳክቶልናል ብዬ አምኜ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ኮሚቴው በባዶው መሬት ላይ የሚከራዩ ሱቆች ሊሠራ ወሰነ። ባዶው መሬት ነው ያሉት። መደቦቹ እንደገና ተዘርተዋል። መስጊዱ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ወንበር እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሱቅ ኪራይ ያመጣል፤ ይገባኛል። ግን ማንም አልጠየቀንም። በዚህ ጊዜ ወንድሜን አልላክሁም። ከሰላት በኋላ ስብሰባ ሲቀመጡ ከእናታችን ጋር በሩ ላይ ቆሜ፣ መናገር እፈልጋለሁ አልኩ። ሐጂ ደንገጥ ብለው ፈቀዱልኝ። ሱቁን ከመንገዱ ዳር ብቻ ሠርተው ከኋላው ያለውን ለችግኙ ቢተዉት እንደሚበቃ፣ ውሃው መሄጃ ካጣ ተመልሶ ጎረቤት አጥር ሥር እንደሚተኛ አስረዳሁ። 

“ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው” አሉኝ ሐጂ። “አላህ ይባርክሽ። ወንድምሽ ጎበዝ ሥራ ሠርቷል።”

ከዚያ ሱቆቹን ሠሩ።

ወንድሜ በዚያ ስብሰባ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ፣ ሥራው የእህቴ ነው፣ የእኔ በርሜሎቹ ብቻ ናቸው አለ። ለዘብ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው፤ ግን በሕዝብ ፊት ነው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምንም አልተለወጠም። በሱቆቹ ነገር ስላዘንኩ እቤት ስንደርስ አላመሰገንኩትም።

ግንበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት የቀሩትን ችግኞች ማንሳት ነበረብን። ግቢያችን የያዘውን ያህል ያዘ፤ ጥቂቱን ዩኒቨርሲቲው ወሰደ። ጁምዓ ዕለት የተረፈውን መስጊዱ በር ላይ ደርድረን ለሚወጣው ሰው በነፃ ማደል ጀመርን። ሰው ይቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ “ምን ያፈራል?” ይላል።

“ዝግባ ነው” እላለሁ። “ለጥላ ነው።”

“የሚበላ አያፈራም?”

“አያፈራም።”

መልሶ ያስቀምጣል። ሌላው ይመጣል፤ ያንኑ ይጠይቃል። ማንጎ የለም ወይ ይለኛል፤ አቮካዶስ። አራተኛው ሰው ላይ ትዕግስቴ አለቀና ዞር አልኩ። ወንድሜ ቦታዬን ያዘ።

“ምን ያፈራል?” አለው አንድ ጎልማሳ ወይራውን አንስቶ።

“ለወፍ ያፈራል” አለ ወንድሜ። “ወፉ ሲበላ ሰደቃ ሆኖ ላንተ ይጻፍልሃል።”

ሰውዬው ትንሽ አሰበና ሁለት አነሳ። አጠገቡ የነበረው ሰምቶ አንድ ወሰደ። ወንድሜ ለእያንዳንዱ ሰው ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ፕላስቲኩ እንዴት እንደሚቀደድ፣ በበጋ ስንቴ እንደሚጠጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስረዳል፤ ሰልፉ እየረዘመ፣ ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ። አጠር አድርግ አልኩት። አላሳጠረም። ሰልፉ ውስጥ ካሉት መሃል ሰዓቱን እያየ የተነጫነጨ ነበር፤ ግን ጥሎ የሄደ አላየሁም። እኔ ፕላስቲኮቹን ውሃ እያርከፈከፍኩ ማቀበል ቀጠልኩ።